ያበጠው ላፕቶፕ

ሱሪያ የምትሠራበት ላፕቶፕ የሞተው በሐምሌ፣ ከበረሃው የሚነሳው ነፋስ ጅቡቲን እንደ ምድጃ በሚያግልበት ሰሞን ነው። ለትራንዚት ቢሮዎች የፈረንሳይኛ ሰነድ ወደ አማርኛ የምትመልሰው በእሱ ነበር፤ አመሻሹ ላይ ድሬዳዋ ካሉት እናቷ ጋር የምትተያየውም በእሱ። ሌላ መግዛት ግድ ሆነ። ከማን እንደምትገዛ ግን ምርጫ አልነበራትም። የባሏ የኒዛር አጎት ሐጂ ጀላሉዲን ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ያገለገሉ ላፕቶፖች ከዱባይ እያስመጡ ይሸጣሉ። ኒዛርን አባቱ ሲሞት ወስደው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የእሳቸውን ሱቅ አልፎ ሌላ ቤት መግባት እንደ ንቀት ይቆጠራል።

ሐጂ ጀላሉዲን ቀጭን ጥቁር ላፕቶፕ አውጥተው በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉላት።

«ይሄ ለቢሮም ለቤትም ነው፣ ልጄ። መንታውን ትናንት የባልባላ ሰፈሩ አስተማሪ ዘከሪያ ወሰደው።»

ሱሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አልረጋ አለ፤ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ጣት የሚንሸራተትበት ሰሌዳም ከመሃሉ ወደ ላይ ገፋ ብሏል።

«አጎቴ፣ ይሄ አብጧል። ባትሪው ሳይነፋ አይቀርም።»

«በዚህ ሙቀት የማያብጥ ምን አለ?» ብለው ሳቁ።

«ሌላ ያሳዩኝ።»

ሳቃቸው ጠፋ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ደንበኞች ዞረው ያዩ ጀመር።

«እኔ ለልጄ ሚስት ብልሹ ዕቃ እሰጣለሁ?»

ሱሪያ አብሯት የመጣውን ኒዛርን አየችው። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ይቅርታ ጠይቃ ባዶ እጇን ወጣች።

በማግስቱ ኒዛር ያንኑ ላፕቶፕ በብብቱ ይዞ ገባ። «ለጊዜው ተጠቀሚበት» አላት ዓይኗን ሳያይ። «ትንሽ ቆይተን እንቀይረዋለን። ሰውዬውን እኮ አስቀይመናል።» ሱሪያ ልትከራከር ፈልጋ ነበር። ግን ቢሮዎቹ ሥራቸውን እየጠየቁ ነው፤ እሺ ብላ ከፈተችው።

ከቀትር በኋላ፣ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት፣ ጠፍቶ የቆየው መብራት መጣ። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ነው። ልጃቸው ሳብሪን ከጠረጴዛው ሥር ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። ሱሪያ ውሃ ልትቀዳ ወደ ጓዳ ስትገባ ከኋላዋ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማች፤ ከዚያም የጥፍር ቀለም የመሰለ የሚሰነፍጥ ሽታ መጣ። ስትመለስ ከላፕቶፑ ጎን ነጭ ጭስ እየተምዘገዘገ ይወጣል።

«ኒዛር!»

እሷ ልጇን ከምንጣፉ ላይ መንጭቃ ወደ ግቢ ሮጠች። ኒዛር ገመዱን ነቅሎ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልሎ ተከተላት። ደጃፉን እንዳለፈ ፎጣው ነደደ። ወርውሮት አሸዋ በላዩ ላይ ሲደፋ የእጁ ቆዳ ተልጦ ነበር፤ እሱ ግን ገና አላየውም።

ሳብሪን ታለቅሳለች። ሱሪያ ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደያዘቻት ድንገት ቀጥ አለች።

«መንታው! ዘከሪያ ጋ ያለው!»

ሐጂ ጀላሉዲን ስልኩን በእንቅልፍ ድምፅ አነሱት። የሆነውን ስትነግራቸው «ቶሎ ኑ፣ አብረን እንሂድ» ብለው ዘጉ። ወዲያው ዘከሪያ ጋ ደወሉ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሱሪያና ኒዛር ሳብሪንን ለጎረቤት ሰጥተው እሳቸው ቤት ሲደርሱ ሽማግሌው በሽርጣቸው መንገድ ላይ ቆመው ታክሲ ያስቆማሉ። በዚያ ሰዓት ታክሲ ከየት ይምጣ! የተገኘውም ነጂ ጫቱን እየቃመ ተለምኖ ነው የተነሳው።

«ቤቱን ያውቁታል?» አለች ሱሪያ።

«ከመስጊድ ጀርባ ነው ብሎኛል። የትኛው መስጊድ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።»

ባልባላ ገብተው አንዱን መስጊድ ዞሩ፤ አልነበረም። ሁለተኛው ዘንድ ሐጂ ጀላሉዲን ወርደው ያገኙትን ሁሉ በሶማልኛ ይጠይቁ ጀመር። አንዲት ውሃ የያዘች ሴት አንድ የቆርቆሮ ቤት አሳየቻቸው።

ዘከሪያ በሩን ሲከፍት ሱሪያ ሰላም እንኳ ሳትለው፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አልፋው ገባች። ልጆቹ ፍራሽ ላይ ላፕቶፑን ከበው ፊልም ያያሉ። ገመዱ ተሰክቷል። ክዳኑ ከጎኑ ተላቆ ውስጡ ይታያል። ገመዱን ነቀለች፣ ላፕቶፑን በሁለት እጇ እንደ እንቁላል ይዛ ወጣች፣ ከቤት ራቅ ብላ አሸዋ ላይ አኖረችው። አልነደደም። እዚያው ተቀመጠች።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ዘከሪያ ተቆጥቶ።

ሐጂ ጀላሉዲን እጁን ያዙት። «አንተ ምንም አላጠፋህም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቺ ልጅ ነግራኝ ነበር፣ አልሰማሁም።»

በማግስቱ ሽማግሌው ከእነዚያ ሁለቱ ጋር የመጡትን ላፕቶፖች በሙሉ ከመደርደሪያ አወረዱ። ሱሪያንና ዘከሪያን ደግሞ ሌላ ሊገዙላቸው ይዘው ሄዱ፤ ወደ ራሳቸው ሱቅ ሳይሆን ዓመታት ሲፎካከሩት ወደኖሩት ወደ አቡዘር ሱቅ። ሱሪያ ወፍራምና ከባድ ላፕቶፕ መረጠች፤ ባትሪው በእጅ ተነቅሎ የሚታይ። አገላብጣ አየችው፣ ከመብራት ነቅላ እዚያው ተቀምጣ ሠራችበት፣ መጋል አለመጋሉን በመዳፏ ዳብሳ አየች። ማንም አላቻኮላት።

አመሻሹ ላይ እናቷ በላፕቶፑ መስኮት ብቅ ሲሉ መጀመሪያ ያዩት የኒዛርን በፋሻ የታሰረ እጅ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ?»

ሱሪያ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ኒዛር ወንበሩን አስጠጋ።

«እኔ ልንገርዎት» አላቸው።