የወለላችን ጠጠር

እኔ የምፈጨው ቆሻሻ አይደለም። ይህን ስንት ጊዜ ልናገር? የፈረሰ ቤት ኮንክሪት ነው የምፈጨው። ፌሮውን አወጣለሁ፣ ጄሶውን፣ እንጨቱንና ላስቲኩን በእጄ እለቅማለሁ፣ የቀረው መፍጫው ውስጥ ገብቶ ጠጠር ሆኖ ይወጣል። ላቦራቶሪ አስመርምሬዋለሁ። ለምሰሶ አይሁን እንጂ ለወለልና ለብሎኬት አንደኛ ነው ብለውኛል። ድሬዳዋ ግን አይሰማም። ሲኖትራኮቹ ፍርስራሹን ወስደው ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ይደፉታል፣ ሰዉ ደግሞ ከተራራ ተፈንቅሎ የመጣ ጠጠር ይገዛል። አቦ፣ ይሄ ምን ዓይነት ጉድ ነው?

"የፈረሰ ቤት ድንጋይ ሌላ ቤት ያፈርሳል" ይሉኛል። የተማረውም ያልተማረውም እኩል ነው የሚለው።

ሥራው የእኔና የባሌ የሽመክት ነው። እኔ እቆጣለሁ፣ እሱ ያባብላል። ደንበኛ ሲመጣ ሁለት ጠጠር አንስቶ እያጋጨ፣ "ስማው እስኪ፣ ደወል ነው እኮ" ይላል። ምላሱ ቅቤ ነው። እሱ ባይኖር ይህን ሥራ ድሮ ጥዬው ነበር።

ባለፈው ዒጋል የሚባል ጨርቅ ነጋዴ መጣ። ቀፊራ ገበያ አጠገብ የጨርቅ መጋዘን ሊሠራ ነው፣ ወለሉ ሰፊ ነው። እሱ ከገዛን ሌላው ነጋዴ ተከትሎት ይመጣል። ካልገዛን ግን አከራያችን መፍጫው ያለበትን ግቢ ለሌላ ሊሰጥብን ነው፣ ኪራይ በመጠበቅ ትዕግሥቱ አልቋል። ሽመክት ጠጠሩን አጋጨለት። ዒጋል ሳቅ አለና ወደ እኔ ዞረ።

"የኔነሽ፣ እናንተ በዚህ የሠራችሁት ቤት የታለ?"

እውነቱን ነዋ። እኛ ራሳችን የምንኖረው በኪራይ ነው። ሳቢያን ሰፈር የጀመርናት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ግን ወለሏ ገና አልተሞላም ነበር።

"ቅዳሜ ወለል እንሞላለን፤ ና፣ በዓይንህ እይ" አልኩት።

"ወላሂ፣ ካየሁ እገዛለሁ" አለኝ።

ቅዳሜ ሽመክት ሠራተኞቹን ይዞ ቀድሞኝ ሄደ፤ ከበርጫ፣ ከጫቱ ሰዓት በፊት ካላለቀ ማንም አይሠራልህም። እኔ ጠጠራችንን በአይሱዙ አስጭኜ ተከተልኩ። ስደርስ ሚክሰሩ እየዞረ ነው። አጠገቡ ሌላ ክምር አለ። ጥቁር፣ አዲስ፣ የተራራ ጠጠር። የእኛ አሮጌ ሲሚንቶ የያዘው ነጣ ያለ ነው፣ አይጠፋኝም።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል" አለኝ ሽመክት።

"እኮ ምንድን ነው?"

"የኔነሽ፣ ይሄ የዕድሜ ልክ ቤታችን ነው። ወለል አንዴ ከተሞላ አይገለበጥም።"

"አብረን አይደለም እንዴ ያስመረመርነው?"

"ሽያጭ ሌላ፣ ቤት ሌላ" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ደሜ ፈላ። ለካ ያ ሁሉ ማባበል ለገበያ ኖሯል። ሰው አላመነኝም ብዬ ከተማውን ስረግም፣ የማያምነኝ አልጋዬ ላይ ተኝቷል።

ወዲያው ዒጋል በባጃጅ ደረሰ። ሽመክት ፈጠን ብሎ እኔ ያመጣሁትን አሳየው። "ይኸው፣ የምንሞላው በዚህ ነው።" ዒጋል ግን ነጋዴ ነው። ሚክሰሩ ሥር ያለውን ጥቁሩን አየ፣ የእኛን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ጥቁሩ ለምሰሶ ነው ብዬ ብዋሽ ያምነኝ ነበር። አንደበቴ እንቢ አለኝ።

"ባሌ ለቤቱ የተራራውን መረጠ" አልኩት።

"አንቺን አምንሻለሁ" አለኝ ዒጋል ቀስ ብሎ። "እሱ ካላመነ ግን እኔ በየት በኩል ልመን?"

ባጃጁን እንኳ አላሰናበተም፣ ተመልሶ ገባበት። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም።

"ነይ እንጂ፣ ሲሚንቶው እየደረቀ ነው" አለኝ ሽመክት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

አካፋውን ከእጁ ነጠቅኩት።

"አንደኛዋ ክፍል የእኔ ናት" አልኩ። "የምትሞላው በእኔ ጠጠር ነው። አንተ እዚያኛዋ ውስጥ ተኛ።"

የቀን ሠራተኞቹ ሽመክትን አዩት። ሽመክት መሬት መሬቱን አየ። አንዳቸውም ከቦታቸው አልተነሱም። ብቻዬን መዛቅ ጀመርኩ።