ልጆች ካሉ ሃያ ቀን

ምናሉ ወታደር እንደነበረ ልጁ ሔቨን ታውቃለች። የመቶ አለቃ ማዕረጉን ትከሻው ላይ ደርድሮ በሃያ ሦስት ዓመቱ የተነሳው አንድ ጉርድ ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል። ከዚያ ያለፈውን ሰው ሲጠይቀው «ቢሮ ነበር የምሠራው» ይልና ወሬ ይቀይራል። ውሸት አልነበረም። ሰሜን ግንባር ሦስት ዓመት ሲቆይ ሰው ላይ አንዲት ጥይት አልተኮሰም። ሥራው የዘመቻ መምሪያ ድንኳን ውስጥ ካርታ ላይ ማቀድ ነበር።

አሁን ስድሳ ስድስት ሊሞላው ነው። አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኮሜርስ ሲቲ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቷል። የትኛው ጭነት በየትኛው መኪና ቢሄድ መንገድ እንደሚያሳጥር ከኮምፒውተሩ ቀድሞ ያውቃል እያሉ አለቆቹ ይገረሙበታል። ሚስቱ ፀዳል ሆስፒታል በፈረቃ ትሠራለች። ሔቨን ዴንቨር መሀል ከተማ ያለ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሔቨን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ካርታ ዘረጋች። ምናሉ ጫማውን ሳያወልቅ መጥቶ ቆመ።

«የምን ካርታ ነው?»

«ለሂስትሪ ክላስ ነው ዳዲ፣ ፕሬዘንት አደርጋለሁ። ሱ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ራሳቸውን ላኮታ ነው የሚሉት፣ በ1876 ከአሜሪካ ጦር ጋር ያደረጉት ዋር።»

«ቀይ ሕንዶቹ?»

«እንደሱ አይባልም፣ ዳዲ።»

«እሺ። ጥያቄው ምንድነው?»

«በሰመር ጦሩ በጣም ተመታ። በሦስት በኩል ነው የመጡት። አንዱ ተዋግቶ ተመለሰ፣ ከሌላው ደግሞ ቀድሞ የሄደው ሁለት መቶ ምናምን ሰው አለቀ። ግን በሚቀጥለው ስፕሪንግ ላኮታዎቹ እጃቸውን ሰጡ። አሸንፈው እንዴት ተሸነፉ?»

ምናሉ መነጽሩን አደረገ። ወንዞቹን በጣቱ ተከተለ፤ ተራሮቹ የት እንደሚጀምሩ አየ። ከዚያ ሳይጠይቃት እርሳሷን ከእጇ ወሰደ።

«እነዚህ ሦስቱ ከደቡብ፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ መጥተው እዚህ ሊገናኙ ነው። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ሬድዮ የለም፤ አንዱ የት እንደደረሰ ሌላው አያውቅም። ሰመር ነው፤ ሳሩ ለምለም ነው፤ የላኮታዎቹ ፈረስ ጠግቧል፤ ሕዝቡም አንድ ላይ ተሰብስቧል። ያኔ የሚዘምት ጦር የሚሄደው ሰው ፍለጋ ነው። የሚንቀሳቀስ ሰው ደግሞ ተፈልጎ አይገኝም፤ እሱ ነው የሚያገኝሽ።»

«በዊንተርስ?»

«በዊንተር ፈረሳቸው ይከሳል፤ በረዶው ሳሩን ሸፍኖታል። የጦሩ ፈረስ ግን ቀለቡን አስጭኖ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሰው አትፈልጊም። ጭስ ነው የምትፈልጊው። ሰፈሩን ካገኘሽ ጎህ ሲቀድ ትደርሻለሽ። ወንዶቹ ቢያመልጡ ይሂዱ፣ ግድ የለም። ድንኳኑን፣ የደረቀውን ሥጋ፣ የሚለብሱትን ቆዳ ታቃጥያለሽ። ፈረሶቹን ትነጃለሽ፤ መንዳት ካልቻልሽ ትገድያለሽ። ከዚያ አትከተያቸውም። ተመልሰሽ ትቀመጫለሽ። ራሳቸው ይመጣሉ።»

ሔቨን መጻፏን አቁማ ቀና አለች። «ዋው! መጽሐፉ ሠላሳ ገጽ የፈጀበትን እኮ ነው የነገርከኝ። ክላስ መጥተህ አስረዳልኝ። አስተማሪያችን እንግዳ ይፈቅዳል።»

ምናሉ እንቢ ሊል አስቦ ነበር። ግን ልጁ እንደዚህ በአድናቆት አይታው አታውቅም። እሺ አላት።

ሐሙስ ዕለት ግራጫ ኮቱን ለብሶ ሄደ። ክፍሉ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ነበሩ። ሔቨን ጀምራ፣ ወደ ካርታው ስትደርስ ለአባቷ ለቀቀችለት። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው፤ ድምፁ ግን መጋዘን ውስጥ የሚሰማው ድምፅ አልነበረም። ወገቡ ቀና አለ። ልጆቹ ስልካቸውን አስቀመጡ። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ሠላሳ ምናምን ዓመት ዕቃ ሲያነሳ ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው፤ እዚያ ቆሞ ሲናገር ደስ አለው። ይህን በኋላም ለራሱ መካድ አልቻለም። በጣም ደስ ብሎት ነበር።

ሲጨርስ አጨበጨቡለት። ከኋላ የተቀመጠች፣ ሃምሳ ያለፋት፣ የሆስፒታል የሥራ ልብስ የለበሰች ተማሪ እጇን አወጣች። ስሟ ማርሌን ነው። ላኮታ መሆኗን፣ ከእናቷ ጋር ከደቡብ ዳኮታ ወደ ዴንቨር በልጅነቷ መምጣቷን ተናገረችና ጠየቀችው።

«ምግቡ ከተቃጠለ በኋላ ሰዉ ራሱ እስኪመጣ ስንት ቀን ይፈጃል?»

ምናሉ አላሰበበትም። «ልጆች ካሉ ሃያ ቀን። ልጆች ከሌሉ እስከ አርባ።»

አስተማሪው ወረቀቱን ገለበጠ። ሔቨን ቀስ ብላ ወደ አባቷ ዞረች።

«ይህ ቁጥር ከየትኛው መጽሐፍ ነው?» አለች ማርሌን።

ምናሉ ጣቱን ከካርታው ላይ አነሳ። «ሪፖርት ይመጣ ነበር» አለ።

«ለማን?»

«ለእኛ።»

ማርሌን አልጮኸችም። «የአያቴ አያት ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች» አለች። «ስንት ቀን እንደፈጀባቸው ለእኛ የነገረን የለም። የሚራበው ሰው ቀን አይቆጥርም መሰለኝ።» አቀርቅራ የነገራትን ቁጥር ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ሔቨንና አባቷ በመኪናው ወደ ቤት ጉዞ ጀመሩ። ኮልፋክስ የሚባለውን ጎዳና ይዘው ካፒቶል ሂል ሰፈርን አለፉ፤ ምናሉ መጀመሪያ አሜሪካ ሲገባ ከሦስት ሰዎች ጋር የተከራየበትን ሕንፃም አለፉ።

«ሪፖርቱ የምን ነበር?» አለች ሔቨን።

መንገዱን እያየ ነገራት። ታኅሣሥ ነበር። ማሽላው ታጭዶ አውድማ ላይ ተከምሯል። ሽምቅ ተዋጊዎቹ የሚበሉት ከገበሬው ነው፤ ጦሩ ሁለት ዓመት ተራራ ለተራራ አሳዶ አልያዛቸውም። አለቃው የጠላትን የስንቅ መጋዘን ከአየር ፎቶ ላይ ፈልግ አለው። መጋዘን አላገኘም። አውድማ ግን ከላይ ሲታይ ክብና ነጭ ነው፤ ለማየት አያስቸግርም። በቀይ እርሳስ አርባ አንድ አውድማ ላይ ክብ አደረገ፤ ጦሩም ሄዶ አቃጠላቸው።

«ታዘህ ነው» አለች ሔቨን። ጥያቄ አይሁን ልመና አልታወቀም።

«መጋዘን ፈልግ ነው የተባልኩት። አውድማው ይቃጠል ያልኩት እኔ ነኝ። ምስጋናም ተጻፈልኝ።»

«ስንት ሰው ሞተ?»

«አላውቅም። ሪፖርቱ የሚቆጥረው ተርበው ወደ ጦሩ የመጡትን ብቻ ነበር።»

«የት ነው ቦታው?»

የቆላውን ስም ነገራት። ቀይ መብራት ይዟቸው ቆመው ነበር። ሔቨን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እማማ ዘርፌ ከዚያ አይደሉም እንዴ?»

ዘርፈሽዋል ሔቨንን ከስድስት ወሯ ጀምሮ ትምህርት ቤት እስክትገባ ያሳደገቻት ሴት ናት። ፀዳልና ምናሉ ሁለት ሁለት ሥራ በሚሠሩበት ዘመን ሃቫና ስትሪት አጠገብ ባለው አፓርታማዋ ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገቻት። ልጅ አልወለደችም። አባቷና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ አውድማዎቹ በተቃጠሉበት ዓመት በረሀብ እንዳለቁባት የሚያውቃት ሁሉ ያውቃል። ሔቨን እስከ ዛሬ በየቅዳሜው ትጠይቃታለች።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ከምትድሂበት ጊዜ ጀምሮ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሔቨን በሩን ከፍታ ወረደች። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ይነፉበታል፤ እሷ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው እየሄደች ነው።

ሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን ኩሽና ውስጥ ቆማ፣ «እኔ አልነግራቸውም» አለችው። «ግን አንተ ካልነገርካቸው ቤታቸው አልሄድም። ፊታቸውን ማየት አልችልም።»

ፀዳል ስትሰማ ተቆጣች። ባሏ ያደረገውን እሷም ገና መስማቷ ነበር፤ የተቆጣችው ግን በሌላ ነው። «አርባ ዓመት ያለፈውን ዛሬ ሄደህ ልትነግራት? ያንተ ሆድ እንዲቀልልህ የእሷ ይክበድ? የደረቀ ቁስል ነው፣ ተወው!»

ምናሉ ሁለቱም እውነት አላቸው ብሎ አሰበ። ሌሊት ሌሊት ግራ ሲጋባ ሰነበተ፤ ቢሆንም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄደ።

ዘርፈሽዋል በሩን ከፍታ ሳቀች። «ጋሽ ምናሉ! ምነው ብቻዎን? ሔቨንስ? ይግቡ እንጂ!»

ገባ፤ አልተቀመጠም። ቆሞ ነገራት፤ ካርታውን፣ ፎቶውን፣ ቀዩን እርሳስ። ሲናገር መሀል ላይ ተቀመጠች። እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«የእኛ መንደር ግራር ውሃ ካርታዎ ላይ ነበረ?» አለች።

«ነበረ።»

«ሦስት አውድማ ነበረን።»

«ሁለት ነው ያየሁት።»

«የአባቴ ከወንዙ ማዶ፣ ከዋርካው ሥር ነበር። ዛፉ ጋርዶት ይሆናል።» ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። «እሱም አልቀረም። ወታደሮቹ ራሳቸው አገኙት።»

ከታች መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ ይሰማል።

«ከአመዱ ውስጥ ማሽላ እንለቅም ነበር» አለች። «አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። እፍ እያልኩ ለወንድሞቼ እሰጣቸዋለሁ። ከንፈራቸው ጠቁሮ እርስ በርስ እየተያዩ ይስቁ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ይስቁ ነበር።»

«ዘርፌ፣ ይቅር...»

«እሱን ቃል እዚህ ቤት አታምጣው።» እርስዎ ማለቷን ትታለች። «ልጅቷን ስታመጣልኝ ታውቅ ነበር?»

«መጀመሪያ አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ወር የአገርሽን ስም ስትነግሪኝ አወቅሁ።»

«ያን ቀን ሻዩን ሳትጨርስ ተነስተህ ሄድክ።»

«አዎ።»

«በማግስቱ ግን አመጣሃት።»

«ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ልጅ የሚቀበለኝ ሌላ ሰው አልነበረም።»

ዘርፈሽዋል ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየ ድምፅ አሰማች። ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና በሩን ከፈተችለት።

«ልጅቷን ላካት። እሷ የእኔ ናት። አንተ ግን እዚህ አትምጣ። ቤተ ክርስቲያን ብታየኝም ሰላም አትበለኝ፤ እኔ እስክልህ።»

ሔቨን ለሂስትሪ ክላሱ የምታስረክበውን ጽሑፍ እንደገና ጻፈችው። ጦሩ ያሸነፈበትን መንገድ ያስረዱት ገጾች አልተለወጡም። ከእነሱ በኋላ ግን ማርሌን ከክፍል ውጭ አግኝታት ስለ አያቷ አያት የነገረቻትን ጨመረች፤ ግርጌውም ላይ የቀኖቹን ቁጥር የነገራት አባቷ መሆኑን፣ አባቷም ከየት እንዳወቀው ጻፈች። ከማስረከቧ በፊት ለምናሉ ሰጠችው። ቁጭ ብሎ አነበበ፤ አንድም ቃል ቀይሪ አላላትም።

ሔቨን መኪና ስለሌላት ቅዳሜ ቅዳሜ ሃቫና ስትሪት የሚያደርሳት እሱ ነው። አፓርታማው በር ድረስ አይሄድም፤ ማዶ ካለው የገበያ አዳራሽ ፓርክ ያደርግና ይጠብቃታል። አምስት ወር አለፈ። በትንሣኤ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ዘርፈሽዋል አጠገቡ አለፈች፤ እሱ አንገቱን ደፋ፣ እሷም አላናገረችውም።

ባለፈው ቅዳሜ ሔቨን ዓይኗ ቀልቶ መጣችና መኪናው ውስጥ ገባች።

«ምን ሆነሽ?» አላት።

«ስለ ወንድሞቻቸው ነገሩኝ። ስማቸውን፣ ምን ምን ይወዱ እንደነበር።»

ምናሉ ወደ እሷ ዞረ። «ማን ማን ነበር ስማቸው?»

«ላንተ አይደለም የነገሩኝ፣ ዳዲ» አለችና ቀበቶዋን አሰረች።

ሞተሩን አስነሳና ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ ወጣ።