የሱግራ አሟሟት

«ኧረ ለመሆኑ ምን አግኝቷት ነው?» አሉ እትዬ ሃጁል፣ ዱዓ አድርገው እጃቸውን ሳያወርዱ።

ጀናት ለለቀስተኛው ሁሉ የምትለውን አለች። «ትኩሳት ነው። የአላህ ቀደር ነው፤ የጻፈው አይቀርም።»

በሲንድ ገጠር ለቀስተኛ አሟሟቱን ሳይሰማ አይነሳም። ጀናትም ለመጣው ሁሉ እየዋሸች ነበር። ልጇ ሱግራ የሞተችው በከተማው የመንግሥት ሆስፒታል፣ በወሊድ ነው። ደም ሲፈሳት መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም፤ የደም ማቀዝቀዣው ባዶ ነበር። ወንድሞቿ ደም ሊሰጧት ተጠርተው ሲደርሱ አልፋለች። ልጁም አልተረፈም።

ይህ እንዴት ይነገራል? ሱግራ እኮ የመንደሩ ጤና ሠራተኛ ነበረች። «እቤት አትውለዱ» እያለች ደጅ ለደጅ ስትዞር ነው የኖረችው። አንድ ጊዜ እኚሁ ሃጁል በራቸውን ቢዘጉባት፣ በመስኮት አንገቷን አስግጋ ምራታቸውን ስትመክር ጎረቤት ሁሉ ስቆባታል። ጀናት ስትቆጣት፣ «የሆስፒታሉ ጉድ ጠፍቶኝ መሰለሽ እማ? እቤት ግን ደም ከፈሰሰ ማን አለ?» ብላት ነበር።

«እኛ የሰማነው ሌላ ነው» አሉ ሃጁል። «ሆስፒታሉ ነው የገደላት አሉ። እኔ እንግዲህ ለሮሻን የልምድ አዋላጇን ጠርቻለሁ። እቤቴ ትውለድ።»

ምራታቸው ሮሻን ከጎናቸው ሆና፣ ሆዷ እስከ አፍንጫዋ ደርሶ፣ ጀናትን ቀና ብላ አየቻት። እውነቱን ብትናገር የልጇ ልፋት ገደል ሊገባ ነው፤ ደብቃ ሆስፒታል ሂጂ ብትላት ደግሞ ይቺም እንደ ሱግራ ደምም ነዳጅም ሳይያዝላት ልትሄድ ነው።

«አዎ፣ ገድሏታል!» ብላ ሁሉንም ዘረገፈችው። «ቢሆንም ሮሻንን ይውሰዷት።»

«አበድሽ እንዴ? ልጅሽን የበላ ቤት!»

«የሚቆርጥ የሚሰፋ ሐኪም ያለው እዚያ ብቻ ነው። ደምም መብራትም አለ ቢሉዎት ግን እንዳያምኗቸው። ደም እንዲሰጧት ወንድሞቿ ከመጀመሪያው አብረዋት ይሂዱ። ለጄኔሬተሩም ነዳጅ በጀሪካን ይያዙ።»

«ሆስፒታል ነው ወይስ ዘመቻ?» አሉ ሃጁል። የሳቀ የለም። «እኔ እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም። ማን ይወስዳታል?»

«እኔ።»

«ልጅሽ በሞተችበት ክፍል ልትቆሚ?»

ጀናት ተጠግታ መዳፏን ሮሻን ሆድ ላይ አኖረች። ሕፃኑ ከውስጥ ሲገፋት ክው አለች፤ እጇን ግን አላነሳችም።