ጨረቃን የፈተገችው ልጅ

አባቷ መኪናዋን «እሜቴ» ነው የሚላት። ጥቁር ናት፤ በሯ ፊት ቆማችሁ ፀጉራችሁን ማበጠር ትችላላችሁ። ልጁን ደግሞ «ፌንጣ» ይላታል፣ አንድ ቦታ አርፋ ስለማታውቅ። ፌንጣ ትምህርት ጨርሳ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወዲህ ሌት ተቀን የምታልመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሜቴን መንዳት። በተለይ ዛሬ! አመሻሽ ላይ ታላቅ እህቷ፣ እታለም፣ ከስንት ጊዜ በኋላ በአውቶብስ ትመጣለች። ፌንጣ መናኸሪያው በር ላይ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ «ወዴት ልውሰድሽ እመቤቴ?» ስትላት ታያት። አቤት!

«በናትህ አባዬ፣ ዛሬ ብቻ!»

«መጀመሪያ እጠቢያት» አለ አባቷ። «አንዲት ጭረት ካልጨመርሽባት ቁልፉ ያንቺ ነው። ጥላ ውስጥ፣ በሁለት ባልዲ። አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ። እጅሽ ቀጥ ብሎ ይሂድ። እንደ ድስት እያዞርሽ ከፈተግሻት ጥቁር ቀለም ላይ የሸረሪት ድር ነው የሚወጣው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምቻለሁ ስትይ ነው የምፈራው» ብሎ ገባ።

ከምሳ በኋላ ግድግዳው ጥላውን ሲጥል ጀመረች። ከጣሪያው ወደ ታች፣ ቀጥ፣ ቀጥ። ኮፈኑ ጋ ስትደርስ ግን ምን አለፋችሁ፣ ሰማዩ በሙሉ እዚያ ላይ ተኝቷል። ውሃ ስታፈስበት ደመናው ይንሸራተታል። ወፍ በጨርቋ ስር በርራ ታልፋለች። ፌንጣ መኪና እያጠበች መሆኑን ረሳችው። ሰማይ የምታጥብ መሰላት። እዚያ ጥቁር ሰማይ ውስጥ፣ ከደመናው ወዲያ፣ እታለም ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ እሷ ስትመጣ ሁሉ ታየቻት።

ድንገት መሃል ላይ ጥፍር የምታክል ነጭ ነገር አየች።

«አንቺ ወፍ! ዛሬን መረጥሽ?»

ጠረገችው። ወይ ፍንክች! ሳሙና ጨመረች። ጎንበስ ስትል ፈቀቅ አለ። እየለቀቀ ነው ብላ ደስ አላት። ወጥ ቤት ሮጣ የድስቱን ስፖንጅ አመጣችና በሻካራው ጎኑ ዙሪያውን ፈተገችው፣ ፈተገችው። ጠፋ! «እሰይ!» አለች። ወዲያው ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ ቀና አለች።

ጨረቃ! በጠራራ ቀን፣ ፈዘዝ ብላ፣ ሳይጠሯት ቀድማ እንደመጣች እንግዳ፣ ደመናውን ገለጥ አድርጋ ታያታለች።

ሳቋ መጣ። ውሃው ሲደርቅ ግን ሳቋም አብሮ ደረቀ። የሸረሪት ድር፣ ኮፈኑ መሃል ላይ፣ ልክ አባቷ እንዳለው።

አባቷ ወጥቶ አየው። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ጨረቃ።»

«ምን?»

«ወፍ መስላኝ እኮ ነው... ማለቴ የወፍ ኩስ... እሷን ነው የፈተግኩት!» ወደ ላይ ጠቆመች። እንባዋ መጣ።

አባቷ ሰማዩን አየ፣ ኮፈኑን አየ። ሆዱ ብቻ ተንቀጠቀጠ፤ ፊቱ አልሳቀም። «ቃል ቃል ነው። እኔ ነኝ የምነዳው» አለና ፖሊሽ ይዞ መጣ።

አባቷ ግራኝ ነው። ጨርቁን በግራ እጁ ይዞ፣ ቀኝ እጁን እሷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ፣ ቀስ እያለ አበሰ። ድሩ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የቀረው ጭረት የጨረቃዋን ዙሪያ ከቦ እንደ ክር ያበራል።

ሰዓቱ ደረሰ። ፌንጣ አንገቷን ደፍታ ወደ ተሳፋሪው ወንበር ስትሄድ አባቷ በሩን ይዞ ቆመ።

«ወይኔ ክንዴን! ይሄ ፖሊሽ ገደለኝ እኮ። መሪ የምይዝ አይመስለኝም» አለ፣ ቀኝ ክንዱን እያሻሸ።

ቀኙን! ትከሻዋ ላይ አርፎ የዋለውን! ፌንጣ አፏን ከፈተች። ከዚያ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ዘጋችው። ቁልፉን ተቀበለች።

እሜቴ ሳትንገጫገጭ ወጣች። መንገዱ፣ ዛፎቹ፣ ቤቶቹ እየተገለበጡ ኮፈኑ ላይ ፈሰሱ። ጨረቃዋም እዚያው ላይ ተቀምጣ አብራቸው ትሄዳለች።

«እያት» አለች ፌንጣ በሹክሹክታ።

«አንቺ መንገዱን እዪ» አለ አባቷ። «እሷ እንደሆነች ዛሬ በደንብ ተፈትጋለች።»