አርባ አንድ ቀን

«ቀኝ እጅዎን፣ ሚስተር ጎርደን» አለች ታደለች የሸሚዙን እጅጌ ዘርግታ። ሽማግሌው እጁን እያስገባ፣ በመስኮቱ ወደ አሜሪካዊቷ አሌክሳንድሪያ ዝናብ አገጩን ቀሰረና «ድሪኽ» አለ።

የጨፈገገ ቀን ማለቱ ነው። ይቺን «ኽ» አሜሪካኖቹን ጉሮሯቸው እንቢ ይላቸዋል፤ ታደለች ግን አፏን የፈታችባት ናት።

ከምትኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ የተነሣችው ሳይነጋ ነው፤ ወገቧ ከአሁኑ ዝሏል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ገምጋሚዋ ነርስ ትመጣለች። ሚስተር ጎርደን ቤቱ ይቆይ ወይስ በሩ ወደሚቆለፈው የመርሳት ሕሙማን ማቆያ ይግባ፣ የምትወስነው እሷ ናት። ዋናው ማስረጃዋ ደግሞ የታደለች የየዕለት ሪፖርት ነው።

ጣጣው ሪፖርቱ ላይ ነው። ሥራ ስትጀምር የሰውየው ንግግር አንዱም አልገባትም። በስትሮክ ከተመታ ወዲህ ወደ ልጅነቱ፣ ወደ ስኮትላንድ ዓሣ አጥማጆች አነጋገር መመለሱን ማን ነግሯት! እንግሊዝኛዬ አልደረሰም ብላ ብትጽፍ የሚያባርሯት መሰላት። «ይዘባርቃል» ብላ ጻፈች። አርባ አንድ ቀን እንዲያው ጻፈች።

ባለፈው እሑድ እህቱ ከአገሩ ደወለች። ሁለቱ በዚያው አነጋገር ሲሳሳቁና ሲከራከሩ ሰዓት አለፈ። በኋላ እህቲቱ ቃላቱን ለታደለች በቀላል እንግሊዝኛ እየፈታች «ከእኛ ወንዝ ማዶ ያሉት እንኳ እንዲህ አይሉትም» አለቻት። ታደለች መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች። አፍራ ነው ያለቀሰችው።

የቀጠራት የተንከባካቢዎች ኤጀንሲ ባለቤት ፍሰሐ ከነርሷ ቀድሞ ደረሰ። ኮሪደር ላይ ሁሉንም ነገረችው።

«እትዬ ታደለች፣ በእናትሽ!» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፎልስ ቻርት አደረግኩ፣ የሐሰት መዝገብ ጻፍኩ ልትያት ነው? ላይሰንስሽን ይወስዱታል እኮ። እኔንም ኦዲት ያደርጉኛል።»

«እና ሰውየው ይቆለፍባቸው?»

«ማቆያው ጥሩ ፋሲሊቲ ነው፣ ይንከባከቧቸዋል።»

«እዚያ ማን ይሰማቸዋል?»

«ዝም በይ ብቻ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ያን የተንከባካቢነት ላይሰንስ ያገኘችው በሦስተኛ ፈተናዋ ነው። በሃምሳ አራት ዓመት እንደገና ሥራ መፈለግ ገና ሲያስቡት ያደክማል። እውነትም ዝም ብትል ይሻላት ነበር።

ነርሷ መጥታ ቀኑንና ወሩን፣ የት እንዳለም ጠየቀችው። ሚስተር ጎርደን ሁሉንም በራሱ አነጋገር መለሰ። ነርሷ በሐዘኔታ ፈገግ ብላ ጻፈች።

«ሪፖርትሽ እንደሚለው ነው» አለች ወደ ታደለች ዞራ። «የምትጨምሪው አለ?»

ፍሰሐ ወለሉን ያያል። ታደለች ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሪፖርቱ ስህተት ነው» አለች በምታውቃት እንግሊዝኛ። «እሳቸው አይዘባርቁም። ያልገባኝ እኔ ነኝ፤ ቃላቱን እህታቸው ፈትተውልኛል። አሁን የመለሱልሽን ልንገርሽ፤ አንዱንም አልሳቱም።»

ነርሷ ቀና አለች። «ይህን ከነስምሽ ነው የምመዘግበው። ይገባሻል?»

ፍሰሐ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታደለች ብለሽ ጀምሪ» አለች። «የአባቴ ስም ረጅም ነው፤ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።»