ለገንፎ የተለየ ገብስ

የባሌ እናት እሜቴ አገሬ ገና ሐምሌ ሳያልቅ ነጭ ገብስ ከጎተራ ለይተው ማስጣት ጀመሩ። ሐምሌ ገብስ የሚያደርቅ ፀሐይ የለውም፤ ብልጭ ባለ ቁጥር ሰፌዱን ይዘው ይወጣሉ፣ ሲያጉረመርም ይዘው ይገባሉ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ለአራስ ገንፎ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ አራሷ ደግሞ እኔ ነኝ። መፅነሴን ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በእኛ አገር የሴት ሆድ የሚታወቀው በሐኪም ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን በር ነው። አደፍ ላይ ያለች ሴት ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ትሳለማለች፤ የሚገባው የሚወጣው ያያትና «አሁንም የለም» ይላል። ደጀኔን ካገባሁ ጀምሮ በሩ ላይ ካለው ዝግባ ሥር ስንት ጊዜ እንደቆምኩ ዛፉን ራሱን ሳልሰለቸው አልቀርም። ግንቦት ላይ ግን አደፌ ቀረ። ሰኔንም ሐምሌንም የማርያም ለት በሩን አልፌ ገባሁ። እሜቴ ከኋላዬ ሆነው አዩ፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ አላስቀዱኝም።

ደስ ብሎኝ ነበር እኔም፣ ለጥቂት ቀን። ከዚያ ከደጀኔ ጋር ገበያ እንሄዳለን ብለን ፍኖተ ሰላም ክሊኒክ ሄድን። ሽንቴ ተመርምሮ እርግዝና የለም ተባለ። ዶክተር ተስፋው የአልትራሳውንዱን ዕቃ ሆዴ ላይ እያንሸራተተ ቆየና እንቁላል በሚፈጠርበት በግራ እንቁልጢዬ ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ እንዳለ፣ የወር አበባዬን ያስቀረውም እሱ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ።

«ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል» አለ። «እንቁላል የሚያበስል ኪኒን አለ። ግን እጢው እያለ ከጀመርሽው ሊያሳድገው ይችላል። ካደገ ደግሞ ሊጠማዘዝ፣ ሊፈነዳም ይችላል። አበባሽ እንደመጣ ነይና አይተን እንወስናለን። ብዙ ውሃ ጠጥተሽ፣ ሽንትሽን ይዘሽ ነይ፤ ፊኛሽ ባዶ ከሆነ አይታየኝም።»

ወደ ማንኩሳ ስንመለስ ደጀኔ ሚኒባሱ ውስጥ ሊያስቀኝ ፈለገ። «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ።

«እንቁላሉ ያንተ ቢሆን አትተርትም ነበር» አልኩት። ተሳፋሪው ዞሮ አየን።

ከሚኒባሱ ስንወርድ «ለእናቴ እንንገራት?» ሲለኝ «ሆድ ይፍጀው» አልኩ። ምክንያት ነበረኝ። ቡሬ የነበረችው አክስቴ ሠርክአዲስ ልጅ አጥታ ኖራ ኖራ ሆዷ ገፋ። ጎረቤቱ እልል አለ፣ የገንፎ እህል ተፈጨ። ልጅ ሳይሆን እጢ ነበር። እልል ብለው የገቡት ሴቶች ያንኑ በር ደረታቸውን እየደቁ ገቡበት። መሞት እፈራለሁ፣ ማን አይፈራም። ከሞት ይልቅ ግን ያ እልልታ ያስፈራኛል። እሜቴ ሰፌዱን ይዘው በወጡ ቁጥር ግራ ጎኔን ይወጋኝ ነበር፤ እጢው ይሁን ፍርሃቱ ለይቼ አላውቅም።

ደጀኔ ለእሜቴ ባይነግርም አርፎ አልተቀመጠም። ቡሬ በርበሬ ሊሸጥ ሄዶ ኪኒኑን ከአንድ ፋርማሲ ገዝቶ መጣ። «ከእጃችን ይግባ እንጂ አትጀምሪውም» አለኝ። በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። ከዚያ ወዲያ ነጠላዬ ከበደኝ።

ፍልሰታ ገባ። ማርያምን ልጅ ስጪኝ፣ ፍልሰታሽን ቅዳሴ ሳይወጣ ጠብታ ውሃ በአፌ አላዞርም ብዬ ተስያለሁ። ከተሳልኩ ሳይሰነብት፣ ለቅዳሴ ስንሄድ መንገድ ላይ አደፌ መጣ። ከእሜቴ ወደ ኋላ ቀረሁና ዝግባው ሥር ቆምኩ። ዝናቡ ያካፋል። በሩን ሊያልፉ ሲሉ ዘወር ብለው አዩኝ። መቋሚያቸውን ከጭቃው ነቅለው ገቡ። እንደዚያን ቀን መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ብዬ ተመኝቼ አላውቅም።

ቅዳሴ ወጥቶ ስንመለስ አላስቻለኝም። ሐኪሙን፣ እጢውን፣ ሠርክአዲስን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የኪኒኑን ነገር ግን ዋጥኩት።

«ታዲያ ገብሱን ሳሰጣ ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?» አሉ። አለቀስኩ፤ እሳቸው ፊት ፊቴን ሄዱ።

ለምርመራው በሄድኩበት ዕለት ደጀኔ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ተጠርቶ ስለ ማዳበሪያ ሲነገረው ዋለ። ሳልጠራቸው እሜቴ ጥላቸውን አንስተው ተከተሉኝ። ክሊኒኩ አልጋ ላይ ስተኛ ዶክተሩ ዕቃውን አንሸራተተ፣ ተጫነ፣ ፊቱን አጨማደደ።

«ውሃ አልጠጣሽም?»

«ፍልሰታ ነው እኮ ዶክተር።»

«እንግዲህ አይታየኝም። እጢው ይኑር አይኑር ሳላውቅ ኪኒን አላዝልሽም።»

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር እሜቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጣቴ ቋጠሮዬ ላይ ነበር። ሳልታይ ብጀምረውስ? ማን ያውቃል፣ እጢው ጠፍቶ ይሆናል። ወይም ጀምሬው እንደ ሠርክአዲስ ሆዴ ይገፋ ይሆናል። ካልጀመርኩ ደግሞ ወር ቆይቼ ዝግባው ሥር ነኝ።

«ምን አለሽ?» አሉኝ እሜቴ።

«ውሃ ሳትጠጪ አይታይም አለኝ። ስለት አለብኝ፣ እንዴት ብዬ ልጠጣ?»

ብድግ ብለው ወጡ። ጥለውኝ የሄዱ መስሎኝ ነበር። ሃይላንድ ውሃ በነጠላቸው ጠቅልለው ተመለሱና ክዳኑን በጥርሳቸው ከፈቱት።

«ጠጭ።»

«እሜቴ፣ ስለቴስ?»

«የቀረውን ፍልሰታ እኔ እስተ ጀምበር ጥልቂያ እፆምልሻለሁ። እሷም እናት ናት፣ አትቀየምሽም። ጠጭ አንች ልጅ!»

ጠጣሁ። እየጠጣሁ አለቀስኩ። ጉሮሮዬን ሲወርድ ውሃ ሳይሆን ኃጢአት የምውጥ መሰለኝ፤ እሳቸው ግን ጠርሙሱ እስኪያልቅ ከአፌ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

ፊኛዬ ሞልቶ መቀመጥ ሲያቅተኝ ዶክተሩ ደግሞ አየኝ። «ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም» አለ። «እየተከታተልኩሽ ጀምሪ ብልሽ ይቻላል፤ አደጋ ግን አለው። እኔ አንድ ወር ብንጠብቅ እመርጣለሁ። ውሳኔው ያንቺ ነው።»

እሜቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ልጅ እፈልጋለሁ፤ ሌሊት በሕልሜ እስካቅፈው ድረስ እፈልጋለሁ። ቋጠሮዬን ፈትቼ ኪኒኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «እጠብቃለሁ። እስከዚያ እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ» አልኩ። ዶክተሩን «አንተ» ስለው ቆይቼ እርስዎ ያልኩት ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዶክተሩ ኪኒኑን አየ፣ እሜቴም አዩ። ደጀኔን ይሁን እኔን እንጃ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉና ጥላቸውን አነሱ።

በማግሥቱ ገብሱ ከሰፌዱ ላይ የለም። ወደ ጎተራው የመለሱት መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ሲወጣ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ገንፎ ሆኗል፤ መሐሉ ተጎድጉዶ በቅቤ ፋንታ የኑግ ዘይትና በርበሬ ፈሶበታል።

«የልጁ አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው።

«ልጁ ሲመጣ ሌላ ገብስ ይዘራል» አሉ። «ይሄ ያንች ነው። ብይ።»

በላሁ። እሳቸው ጀምበር እስክትጠልቅ ምንም ሳይቀምሱ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።