አራት መቶ ሃያ ሁለት ነርሶች

ሀፊዛ ከሆስፒታል አዳር ሥራዋ እንደወጣች በቀጥታ ኦሎምፒያ ካለው ካፌ መጣች። ቤቷ ከቂርቆስ ጀርባ፣ ቅርብ ነው፤ ግን ገብታ ጋደም ካለች ነገሩን የምትናገርበት ልብ ዳግም እንደማታገኝ ታውቃለች።

አማካሪዋ ዶክተር ጉርሜሳ ካፌው ጥግ ተቀምጠው ይጠብቋታል።

የማስተርስ ጥናቷ ሲጀመር ቀላል ይመስል ነበር፤ የአገር ውስጥ ነርሶች ያሳተሟቸውን ጥናቶች ሰብስቦ ጥራታቸውን መመዘን። መመዘኛውን የሰጧት ዶክተሩ ናቸው። ስም አይተሽ እንዳታልፊ ያሏትም እሳቸው።

ክረምቱን ሙሉ ስታነብ ከረመች። የነርሶች ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር፣ በዚህ ሆስፒታል፣ በዚያ ሆስፒታል። መጠይቁ ያው ነው፣ የሚቀየረው ከተማው። የተሳታፊውም ብዛት ያው፣ አራት መቶ ሃያ ሁለት። የናሙና ቀመሩ ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ይሰጣል፣ መልስ ለማይሰጡት አሥር በመቶ ይጨመርበታል፣ በቃ።

ከዚያ የዶክተሩ ጥናት ላይ ደረሰች። አራት መቶ ሃያ ሁለት ነርሶች፣ ሁሉም መልሰዋል ይላል። ሆስፒታሉ እሷ የምትሠራበት ነው። በዚያ ዓመት ነርሶቹ፣ ወሊድ ፈቃድ ላይ ያሉት ተቆጥረው እንኳ፣ ሁለት መቶ አይሞሉም ነበር።

እሳቸው ካልፈረሙ ዘንድሮ አትመረቅም። ካልተመረቀች ያው አዳር ነው፤ ወገቧ ደግሞ ከእንግዲህ አይችልም። የእሳቸውን ጥናት ከዝርዝሩ ብታወጣው ማንም አያውቅም።

መጀመሪያ ስለ ካዛንቺስ አወሩ። ድሮ የሚገናኙበት ቤት ፈርሷል፤ የዚያ ማኪያቶ ይሻል ነበር አሉ ዶክተሩ። ከዚያ ሀፊዛ የጥናቷን ረቂቅ የውጤት ገጽ ከፍታ ፊታቸው አስቀመጠችው። ከአሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት አገኘ ይላል፣ ከስማቸው አጠገብ።

መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። አልተቆጡም። ያኔ ለዕድገት ጥናት ማሳተም ግድ ነበር አሉ። መጠይቁን ለክፍል ኃላፊዎቹ በጥቅል ሰጥተው የመጣላቸውን ተቀበሉ፤ የጎደለውን ማን እንደሞላው መናገር ጀምረው ተዉት።

«ላውጣው ዶክተር?»

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ማለቴ... የእርስዎን ካወጣሁ የሌሎቹንም ማውጣት አለብኝ። ከዚያ የምመዝነው አይተርፈኝም።»

ዶክተሩ በአፍንጫቸው ሳቅ አሉ። «ከኔ የባሰ አለ?» አሏት።

«አለ።»

«ብዙ?»

«ብዙ።»

ይህ ያጽናናቸው እንደሆነ ብላ ፊታቸውን አየች። አላጽናናቸውም። እስክሪብቶ ጠይቀዋት፣ ከዩኒፎርሟ ኪስ አውጥታ ሰጠቻቸው። የረቂቋ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቀስ ብለው ፈረሙ።

«ፈታኞቹ ፊት ዲፌንሱ ላይ ስለዚህ የኔ ጥናት ከተጠየቅሽ አንቺ ዝም በዪ» አሏት፣ ገጾቹን እያስተካከሉ። «እኔ እመልሳለሁ።»

ሀፊዛ እሺ አለች። ሲፈርሙልኝ ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ደስ አላላትም። ሻይዋ ቀዝቅዟል፤ እሱኑ ጠጣችው።